ሚኒስትሩ በጽሑፍ ይመልሱ፦ የስኮትላንድ ምክር ቤት አባላት መንግሥትን በጽሑፍ ጥያቄ የሚቆጣጠሩት እንዴት ነው?

በስኮትላንድ ምክር ቤት ለመንግሥት የሚቀርብ የጽሑፍ ጥያቄ ሁሉ የሚጀምረው በአንድ ሐረግ ነው፦ «የስኮትላንድን መንግሥት ለመጠየቅ…»። ከዚያ በኋላ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ዓረፍተ ነገር አይበልጥም። ንግግር የለውም፤ ቁጣ የለውም፤ ጭብጨባም አይከተለውም። ሚኒስትሩ ግን በስማቸው በጽሑፍ መመለስ አለባቸው፤ መልሱም ማንም እንዲያነበው በምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ይቀመጣል። ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ በቴሌቪዥን የሚታየው የቀዳማዊ ሚኒስትሩ፣ ማለትም የስኮትላንድ መንግሥት መሪ፣ የጥያቄ ሰዓት ስሜት ይቀሰቅሳል። ቁጥሩ፣ ቀኑና የተገባው ቃል በብዛት የሚገኘው ግን ድምፅ ከሌለው ከዚህ ወረቀት ነው።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ለጥያቄ እንዲጠራ ሥልጣን ይሰጠዋል። ዓይናችን የለመደው ግን ባለሥልጣኑ የብዙ አባላትን ጥያቄ በአንድ ላይ ሰምተው ረጅም ማብራሪያ ሲሰጡ ነው። በጽሑፍ ጥያቄ አንዱ ከሌላው ጋር አይደባለቅም፤ እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር፣ የራሱ የመመለሻ ቀን፣ የራሱ መልስ አለው። የጠያቂው ጉልበት ያለው እዚህ መነጣጠል ላይ ነው። ሚኒስትሩ ከአሥር ጥያቄ ሰባቱን መርጠው ሦስቱን በዝምታ ቢያልፉ፣ ሦስቱ መልስ ሳያገኙ በዝርዝሩ ላይ በግልጽ ይታያሉ።

መጀመሪያ ጉዳዩ የማን እንደሆነ መለየት

የስኮትላንድ ምክር ቤት የተቋቋመው የለንደኑ ፓርላማ በ1998 ባወጣው የስኮትላንድ ሕግ ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የመጀመሪያው ምርጫ ሜይ 6 ቀን 1999 ተካሄደ፤ ሥልጣኑንም ጁላይ 1 ቀን 1999 ተረከበ። ሕጉ የተጻፈበት መንገድ ለጠያቂው ወሳኝ ነው። ኤዲንብራ፣ ማለትም ምክር ቤቱና መንግሥቱ የሚገኙባት የስኮትላንድ ዋና ከተማ፣ ምን ምን መሥራት እንደምትችል አይዘረዝርም። የሚዘረዝረው ለንደን ለራሷ ያስቀረችውን ብቻ ነው፤ ያም በአምስተኛው አባሪ ላይ ሰፍሯል። እዚያ ያልተጻፈ ሁሉ የኤዲንብራ ነው። ኢሚግሬሽን፣ መከላከያ፣ የውጭ ጉዳይ፣ የመገበያያ ገንዘብና የሠራተኛ ሕግ ለንደን ቀርተዋል። ጤና፣ ትምህርት፣ መኖሪያ ቤት፣ ፖሊስ፣ ፍርድ ቤት፣ የአካባቢ አስተዳደርና የአውቶቡስ አገልግሎት የኤዲንብራ ናቸው። የ2016ቱ ማሻሻያ ደግሞ የተወሰኑ የማኅበራዊ ድጎማ ሥልጣኖችን ጨመረላት።

ድንበሩ ከለንደን በኩልም ተዘግቷል። የለንደኑ የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ኦክቶበር 25 ቀን 1999 ባሳለፈው ውሳኔ መሠረት፣ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ሲቀሩ፣ ለስኮትላንድ በተላለፈ ጉዳይ የለንደን ሚኒስትሮችን መጠየቅ አይቻልም። ግላስጎውን ወክሎ ለንደን የተቀመጠ እንደራሴ ስለ ግላስጎው ሆስፒታል የለንደኑን የጤና ሚኒስትር ልጠይቅ ቢል ጥያቄው አይመዘገብለትም። ስለዚህ ይህን ጉዳይ ኤዲንብራ ውስጥ የሚያነሣው ሰው ካልተገኘ ሌላ የሚነሣበት ቦታ የለም።

ግላስጎው ውስጥ ጥገኝነት ጠይቆ የሚኖር አንድ ቤተሰብ እናስብ። የሚያድርበት ቤትና የዕለት ገንዘቡ የሚመጣው ከለንደኑ የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ከሆም ኦፊስ፣ ነው። የልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያስተዳድረው የግላስጎው ከተማ ካውንስል ሲሆን የሚሠራው በስኮትላንድ የትምህርት ሕግ ነው። ሐኪሙ ደግሞ በግላስጎውና ክላይድ የጤና ቦርድ ሥር ነው። «ቤቱ ሻጋታ አለው፤ ልጄ አስም ይዞታል፤ ትምህርት ቤቱም ሩቅ ነው» የሚለው አንድ አቤቱታ ወረቀት ላይ ሲወርድ ሦስት አድራሻ ይኖረዋል። ሦስቱን በአንድ ጥያቄ ጨምቆ የላከ አባል ሦስቱንም ሊያጣ ይችላል። የሆም ኦፊስ ክፍል ውድቅ ይደረጋል፤ የካውንስሉ ክፍል «ይህ የአካባቢ አስተዳደሩ ኃላፊነት ነው» ይባላል፤ የጤናው ክፍል ከሁለቱ ጋር ተጠቅልሎ ይቀራል።

ለለንደን ስለተያዘ ጉዳይ ኤዲንብራን መጠየቅ የሚቻልበት አንድ ቀጭን መንገድ አለ። ይኸውም የስኮትላንድ መንግሥት በጉዳዩ ላይ ከለንደን መንግሥት ጋር ምን ውይይት እንዳደረገ መጠየቅ ነው። ይህ ይመዘገባል። ችግሩ «ሚኒስትሮችና ባለሙያዎች በየጊዜው ይወያያሉ» ተብሎ በቀላሉ መዘጋቱ ነው። በዚህ መንገድ የሚሄድ ሰው ውይይቱ የተካሄደበትን ቀን፣ የተገኘውን ሚኒስትርና የተላከ ደብዳቤ ካለ ቅጂው ይወጣ እንደሆነ አብሮ ይጠይቅ።

ከነዋሪው ኢሜይል እስከ ሚኒስትሩ መልስ

የምክር ቤቱ አባላት 129 ናቸው። 73ቱ በምርጫ ክልል ይመረጣሉ፤ 56ቱ ደግሞ ከስምንት አካባቢዎች፣ ከእያንዳንዱ ሰባት ሰባት ሆነው ይገባሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ነዋሪ ስምንት ተወካዮች አሉት፤ በፖስት ኮዱ ፈልጎ ስማቸውን ያገኛል። በ2020 በወጣው የምርጫ ሕግ መሠረት የመኖሪያ ፈቃድ ያለው የውጭ ዜጋ ሁሉ፣ ስደተኛ ተብሎ የታወቀውም ጭምር፣ ለዚህ ምክር ቤት ድምፅ ይሰጣል። ጉዳዩ ገና ያልተወሰነለት ጥገኝነት ጠያቂ ድምፅ አይሰጥም፤ ለተወካዩ ከመጻፍ ግን የሚከለክለው የለም። ለስምንቱም በአንዴ መጻፍ አይመከርም፤ አንዱ ሌላው ያየዋል እያለ ጉዳዩ መካከል ላይ ይቀራል።

አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። የጽሑፍ ጥያቄ አደባባይ የሚወጣ ሰነድ ነው። የአንድ ሰው የሕክምና ወይም የቤት ጉዳይ በስሙ እዚያ አይገባም፤ ለእሱ አባሉ ለቦርዱ ወይም ለሚኒስትሩ ደብዳቤ ይጽፋል። የጽሑፍ ጥያቄ የሚያስፈልገው ችግሩ የአንድ ሰው ብቻ አለመሆኑ ሲጠረጠር ነው።

አባሉ፣ ወይም እሱ የወከለው ረዳት፣ ጥያቄውን ቻምበር ዴስክ ለሚባለው የምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ክፍል ያስገባል። ጸሐፊዎቹ የሚያዩት የይዘቱን መልካምነት ሳይሆን ደንቡን ማሟላቱን ነው። ጥያቄው የስኮትላንድ ሚኒስትሮች ኃላፊ በሆኑበት ጉዳይ ላይ መሆን አለበት። አጭርና ግልጽ ይሁን፤ አስተያየት አይያዝ፤ የሚያስቀይም ቃል አይኑርበት፤ በእንግሊዝኛ ይጻፍ፤ በፍርድ ቤት የተያዘ ክርክር ውስጥ አይግባ። ባለፉት ስድስት ወራት በተመሳሳይ ጥያቄ የተሰጠ መረጃን ደግሞ መጠየቅ አይፈቀድም። ብዙ ጊዜ የሚያሰናክለው የመጨረሻው ነው፤ ከማስገባት በፊት ድረ ገጹን መፈተሽ የግድ ይላል። በጸሐፊዎቹና በአባሉ መካከል አለመግባባት ከተፈጠረ ውሳኔው የአፈ ጉባኤው ነው። አንድ አባል በቀን ስንት ጥያቄ ሊያስገባ እንደሚችል ግን ገደብ የለም።

ያለፈው ጥያቄ ቢዝነስ ቡለቲን በሚባለው የምክር ቤቱ የዕለት ጽሑፍ ላይ ቁጥር ይዞ ይወጣል። ቁጥሩ ለምሳሌ «ኤስ6ደብሊው» ብሎ ከጀመረ፣ 6 ማለት በ2021 የጀመረው ስድስተኛው የምክር ቤት ዘመን ነው፤ «ደብሊው» የጽሑፍ ጥያቄ መሆኑን ይነግራል። የቃል ጥያቄ ከሆነ በዚያ ቦታ «ኦ» ይገባል። ከአባሉ ስም አጠገብ «አር» የሚል ፊደል ካለ፣ በጉዳዩ ላይ ያስመዘገበው የግል ጥቅም አለ ማለት ነው። ትንሽ ምልክት ናት፤ አንባቢ ግን ሊያልፋት አይገባም።

ከዚያ የመልሱ ጊዜ መቆጠር ይጀምራል። መልሱ በመደበኛው 10 «የሚቆጠሩ ቀናት» ውስጥ መድረስ አለበት። የሚቆጠር ቀን የሚባለው የምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ክፍት የሆነበት ቀን ነው፤ ቅዳሜ፣ እሑድና በዓል አይገቡበትም። ሰኞ የገባ ጥያቄ፣ በዓል ካልተደነቀረበት፣ በሁለት ሳምንቱ ሰኞ ገደማ ይመለሳል ማለት ነው። ምክር ቤቱ ከአራት ቀን በላይ እረፍት ላይ ሲሆን ጊዜው ወደ 20 የሚቆጠሩ ቀናት ይረዝማል። በጁን መጨረሻ፣ የበጋው እረፍት ሲጀምር የተላከ ጥያቄ ወር ሙሉ ሊቆይ ነው፤ አስቸኳይ ጉዳይ ያለው ሰው ይህን አስቀድሞ ያስላ።

በሁለቱ ሳምንታት ውስጥ ጥያቄው በመንግሥት በኩል ረጅም መንገድ ይሄዳል። ለሚመለከተው ዳይሬክቶሬት ይመራል፤ በጉዳዩ ላይ የሚሠራው ባለሙያ ረቂቅ ይጽፋል፤ የበላዩ ያየዋል፤ የሚኒስትሩ ልዩ አማካሪዎች ያነቡታል፤ በመጨረሻ ሚኒስትሩ ያጸድቁታል። ጊዜውን የሚበላው ቁጥር ማሰባሰብ ነው። አንድ ቁጥር ከ14ቱም የአካባቢ የጤና ቦርዶች መምጣት ካለበት ሁለት ሳምንት አጭር ነው። ያኔ «የማቆያ መልስ» ይላካል፤ ይዘቱም «ለአባሉ በተቻለ ፍጥነት እመልሳለሁ» የሚል ነው። የማቆያ መልስ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ቁጥሩ በእውነት ከሩቅ የሚመጣ ሊሆን ይችላል። አዎ ወይም አይደለም ተብሎ ሊመለስ ለሚችል ጥያቄ የማቆያ መልስ ከመጣ ግን ነገሩ ውስጥ ውስጡን እያነጋገረ እንደሆነ ልብ ማለት ይገባል።

በዝርዝሩ ውስጥ መንግሥት ራሱ ያስነሣቸው ጥያቄዎችም አሉ። ሚኒስትሩ ይፋ ሊያደርጉት የሚፈልጉት ነገር ሲኖር ከፓርቲያቸው አንድ አባል እንዲጠይቃቸው ይደረግና መልሱ ወዲያው ይወጣል። ይህ የተደበቀ ነገር አይደለም፤ በቡለቲኑ ላይ ለብቻው ተለይቶ ይታተማል፤ ዜናው ከጋዜጣ በፊት ምክር ቤቱ ዘንድ እንዲደርስም ያደርጋል። ነገር ግን ቁጥጥር ተብሎ አይቆጠር።

ማምለጫዎቹ

የጽሑፍ ጥያቄ የሚከሽፈው አብዛኛውን ጊዜ ሚኒስትሩ ስለዋሹ አይደለም። የስኮትላንድ የሚኒስትሮች የሥነ ምግባር ደንብ ምክር ቤቱን እያወቁ ያሳሳቱ ሚኒስትር የሥራ መልቀቂያ እንዲያቀርቡ ይጠብቃል፤ ሳያውቁ የተሳሳቱም በቶሎ እንዲያርሙ ያዛል። ስለዚህ መልሱ ላይ የሚጻፈው ነገር ብዙ ጊዜ እውነት ነው። የሚከሽፈው ጥያቄው ራሱ ማምለጫ ስለሚተው ነው።

«መንግሥት ስለዚህ ጉዳይ ምን እያደረገ ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው የሥራ ዝርዝር ያገኛል፤ ይህን ያህል ሚሊዮን ፓውንድ መድበናል፣ ስትራቴጂ አውጥተናል የሚል። ሁሉም እውነት ነው፤ የተጠየቀው ችግር ስለ መቀነሱ ግን አንድ ቃል የለበትም። «ሊያስብበት ይችል እንደሆነ» ተብሎ ለተጠየቀ ደግሞ «ጉዳዩን በየጊዜው እንገመግማለን» የሚል መልስ ዝግጁ ነው። አንድ ጥያቄ ውስጥ «ስንት፣ በምን ወጪ፣ መቼ» ብሎ ሦስት ነገር የደረደረ አባል ደስ የሚለው አንዱ ተመልሶ ሁለቱ ተድበስብሰው ይመጡለታል። ሦስቱ በሦስት ቁጥር ቢገቡ ኖሮ ያልተመለሰው ባዶነቱ ይታይ ነበር።

ጊዜም ማምለጫ ይሆናል። «ከ2021 ወዲህ» ሲባል የበጀት ዓመት ነው፣ የትምህርት ዓመት ወይስ የካላንደር ዓመት? የበጀት ዓመት ከኤፕሪል እስከ ማርች ነው፤ የትምህርት ዓመት በኦገስት ይጀምራል። ጠያቂው ካልወሰነ መላሹ ይወስናል፤ ከአምናው መልስ ጋርም አይገጥምለትም። መንግሥት ቁጥሩን የሚያትምበትን አከፋፈል አስቀድሞ አይቶ በዚያው መጠየቅ ይሻላል።

ከሁሉ የከፋው በትርጉም ላይ ያለው ማምለጫ ነው። ለዚህ የሆስፒታል ወረፋን ያህል ጥሩ ማሳያ የለም። በ2011 የወጣው የታካሚዎች መብት ሕግ፣ ተኝቶ ወይም በዕለቱ ገብቶ ለሚታከም ሰው፣ ሕክምናው ከተወሰነበት ቀን ጀምሮ በ12 ሳምንት ውስጥ እንዲታከም ዋስትና ይሰጣል። አሁን «ታካሚዎች በአማካይ ስንት ሳምንት ይጠብቃሉ?» ብለን ብንጠይቅ ሁለት የተለያዩ እውነቶች አሉ። አንደኛው ታክመው የወጡ ሰዎች የጠበቁት ጊዜ ነው። ሁለተኛው ገና በወረፋ ላይ ያሉ ሰዎች እስከ ዛሬ የጠበቁት ነው። አንድ ሆስፒታል በቅርብ የተመዘገቡትን ቀላል ሕመሞች ቶሎ ቶሎ እያከመ ከባዶቹን ቢያቆይ የመጀመሪያው ቁጥር ያምራል፤ ዓመት የጠበቀው ሰው እስኪታከም ድረስ በዚያ ቁጥር ውስጥ የለም። የሚታየው በሁለተኛው ቁጥር ነው። ስለዚህ ጥያቄው «በዚህ ቀን በወረፋ ላይ ካሉት ታካሚዎች ከ52 ሳምንት በላይ የጠበቁት ስንት እንደሆኑ፣ በጤና ቦርድ ተለይቶ» ቢል ማምለጫው ይጠባል።

«መረጃው በማዕከል አልተያዘም» የሚለው መልስ ልዩ ቦታ ይገባዋል። ቦርዶች፣ 32ቱ ካውንስሎች፣ ፖሊስ፣ ሕዝብ የሚያመላልሱ ጀልባዎችን የሚያስተዳድረው ድርጅት ሁሉም የራሳቸው መዝገብ አላቸው። ሚኒስትሩ «እኔ ዘንድ የለም» ሲሉ ብዙ ጊዜ እውነታቸውን ነው። ይህን መልስ ይዞ ተስፋ ቆርጦ የሚመለስ ሰው ግን ትልቁን ነገር ጥሎ ይሄዳል፤ መንግሥት ገንዘብ የሚመድብለትን አገልግሎት ውጤቱን እንደማይቆጥር በጽሑፍ ተነግሮታልና። የሚቀጥለው ጥያቄ «ታዲያ በምን ያውቃል?» የሚለው ነው።

አንድ ጥያቄ ከሥሩ

በሐኪም ቤት ቀጠሮ ላይ አስተርጓሚ ሳይመጣ ቀርቶ እናት በልጇ በኩል ሕመሟን የምትናገርበት ሁኔታ ብዙ ቤት ያውቀዋል። ይህን ወደ ጥያቄ እንለውጠው። የመጀመሪያው ረቂቅ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «የስኮትላንድን መንግሥት ለመጠየቅ፦ በሆስፒታሎች ያለውን አሳፋሪ የአስተርጓሚ እጥረት ለመቅረፍ ምን እየሠራ ነው?» «አሳፋሪ» የሚለው አስተያየት ስለሆነ ጸሐፊዎቹ ይመልሱታል። እሱ ቢወጣ እንኳ «ምን እየሠራ ነው» የሥራ ዝርዝር ይጠራል።

ሁለተኛው ረቂቅ ይሻላል፦ «…ባለፉት ሦስት የበጀት ዓመታት በእያንዳንዱ የጤና ቦርድ አስተርጓሚ ባለመገኘቱ የተሰረዙ ወይም የተላለፉ ቀጠሮዎች ስንት እንደሆኑ፣ በቋንቋ ተለይቶ።» ይመዘገባል። «በማዕከል አልተያዘም» የሚለው መልስ ግን ከወዲሁ ይታያል። ስለዚህ ከእሱ በፊት ወይም ከእሱ ጋር አንድ የበር መክፈቻ ይግባ፦ «…የጤና ቦርዶች አስተርጓሚ ባለመገኘቱ የሚሰረዙ ቀጠሮዎችን እንዲመዘግቡ መመሪያ ሰጥቶ እንደሆነ፣ ከሰጠም በምን ቀን።» ይህ ጥያቄ የትኛውም መልስ ቢመጣለት ይጠቅማል። «አዎ» ከተባለ መዝገቡ አለ፤ ቁጥሩም ይጠየቃል። «አይደለም» ከተባለ ቁጥር ያጣነው ማንም እንዲቆጥር ስላልታዘዘ ነው ማለት ነው።

ቋንቋዎቹ በስም ይጠሩ፦ አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛ። «የአፍሪካ ቋንቋዎች» ተብሎ ከተጠየቀ የሚመጣው ድምር ስለ አማርኛ ተናጋሪው ምንም አይናገርም። በሌላ በኩል ቁጥሩ በጣም ትንሽ ከሆነ፣ ግለሰቦች እንዳይታወቁ ሲባል ተሸፍኖ ሊመጣ ይችላል። በአንድ አነስተኛ ቦርድ፣ በአንድ ወር፣ በአንድ ቋንቋ ብሎ አጥብቦ መጠየቅ ባዶ ሣጥን ያስገኛል። ሦስቱን ዓመት በአንድነት መጠየቅ ይሻላል።

መልሱ ሲመጣ ቀጣዩ ጥያቄ የፊተኛውን ቁጥር ይዞ ይገባል፦ «…ለጥያቄ ቁጥር [ቁጥሩ] በ[ቀኑ] በሚኒስትሩ የተሰጠውን መልስ ተከትሎ፣ መረጃውን ከቦርዶቹ ለማሰባሰብ ዕቅድ እንዳለው፣ ካለውም መቼ ይፋ እንደሚያደርግ።» ይህ ቁጥር መጥቀስ ተራ ልማድ አይደለም። ሁለቱን ሰነዶች ያያይዛል፤ ረቂቁን የሚጽፈውም ባለሙያ የቀድሞውን መልስ ገልብጦ እንዳይልከው ያስገድደዋል።

እንዲህ እየተያያዙ የሚሄዱ መልሶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ምን እንደሚያሳዩ የጀልባዎቹ ጉዳይ ያስተምራል። ግሌን ሳኖክስና ግሌን ሮዛ የተባሉትን ሰው አመላላሽ ሁለት ጀልባዎች የመሥራት ሥራ በ2015 በ97 ሚሊዮን ፓውንድ ውል ፖርት ግላስጎው ለሚገኘው ፈርጉሰን ማሪን ለተባለ የመርከብ መሥሪያ ተሰጠ። የመጀመሪያዋ ኖቬምበር 2017 ባሕር ላይ ተለቀቀች፤ የመርከብ መሥሪያው በ2019 ወደ መንግሥት ይዞታ ገባ፤ ጀልባዋ ሰው ማመላለስ የጀመረችው ግን ጃንዋሪ 2025 ነው። በእነዚህ ዓመታት «የመረከቢያው ቀን መቼ ነው? ወጪውስ?» የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ ተነሥቷል። አንዱ መልስ ብቻውን ተራ የጊዜ ሰሌዳ ነው። መልሶቹ በየቀናቸው ሲደረደሩ ግን ቀኑ ስንት ጊዜ እንደሸሸ ያሳያሉ፤ ማንም «እንዲህ አላልንም» ሊል አይችልም። በአዳራሽ የተመለሰ የቃል ጥያቄም ይመዘገባል፤ በጽሑፍ የተሰጠ ቀን ግን ተመክሮበት የተጻፈ ስለሆነ በስሜት ያመለጠ ቃል ነው ተብሎ አይታለፍም።

ጥያቄው የማይደርስበት

መልሱ ደካማ ነው ብሎ ይግባኝ የሚባልበት ቦታ የለም። አፈ ጉባኤው ለመልሱ ይዘት ኃላፊ አይደሉም። ይህ የአሠራሩ ትልቁ ድካም ነው ብሎ በግልጽ መናገር ይገባል። አባሉ ያለው አማራጭ ጥያቄውን ማጥበብ፣ በአዳራሽ በቃል ማንሣት፣ ለኮሚቴ መውሰድ ነው። የስድስት ወሩ ደንብ እዚህ ላይ እንዳያስፈራ፤ የሚከለክለው የተሰጠን መረጃ ደግሞ መጠየቅ ነው። ያልተሰጠ መረጃ አልተሰጠም፤ አባሉ ይህን ለጸሐፊዎቹ ሊያስረዳ ይችላል።

ከጎን የሚሄደው ሁለተኛ መንገድ የ2002ቱ የስኮትላንድ የመረጃ ነፃነት ሕግ ነው። ማንም ሰው ያለ ምክር ቤት አባል፣ በቀጥታ ለጤና ቦርዱ ወይም ለካውንስሉ ጽፎ መረጃ ይጠይቃል። መልሱ በ20 የሥራ ቀናት ውስጥ ይደርሳል። ካልተመለሰ ወይም ከተከለከለ መጀመሪያ መሥሪያ ቤቱ ራሱ እንዲከልሰው ይጠየቃል፤ ከዚያ ለስኮትላንድ የመረጃ ኮሚሽነር ይቀርባል፤ ኮሚሽነሩም ያስገድዳል። መረጃውን ለማውጣት ከ600 ፓውንድ በላይ የሚፈጅ ከሆነ መሥሪያ ቤቱ እምቢ ማለት ይችላል፤ ስለዚህ እዚህም ጠበብ አድርጎ መጠየቅ ነው። ሁለቱ መንገዶች የተለያየ ነገር ይሰጣሉ። በመረጃ ነፃነት የሚገኘው ቀድሞ የተጻፈ መዝገብ ነው፤ «ለምን?» እና «መቼ?» ለሚለው ሚኒስትርን የሚያናግረው የጽሑፍ ጥያቄ ነው። የአስተርጓሚውን ጉዳይ የያዘ ሰው ቁጥሩን ከግላስጎውና ክላይድ ቦርድ በመረጃ ነፃነት አውጥቶ፣ ቁጥሩን ይዞ ሚኒስትሩን በአባሉ በኩል ቢጠይቅ «በማዕከል አልተያዘም» የሚለው መልስ ዋጋ ያጣል።

መንግሥት በሌለበት ደግሞ ጥያቄም የለም። በሰሜን አየርላንድ ምክር ቤት አባላት ጥያቄያቸውን የሚልኩት ለእያንዳንዱ ሚኒስትር ነው፤ ሥልጣኑ በፓርቲዎች መካከል የተከፋፈለ ስለሆነ አንዱ ሚኒስትር ስለ ሌላው መሥሪያ ቤት አይመልስም። ከ2017 መጀመሪያ እስከ ጃንዋሪ 2020 ድረስ ጥምር መንግሥቱ ፈርሶ ሲቆይ መሥሪያ ቤቶቹን የመሩት የመንግሥት ሠራተኞች ነበሩ። ገንዘብ ይወጣ ነበር፤ ውሳኔ ይወሰን ነበር፤ በምክር ቤት ፊት የሚጠየቅ ሚኒስትር ግን አልነበረም።

ወደ ኤዲንብራ እንመለስና፣ ለሦስተኛው የአስተርጓሚ ጥያቄ «መረጃው በመጪው ጸደይ ይወጣል» የሚል መልስ መጣ እንበል። ጸደይ ቀን አይደለም። አባሉ ወይም ጉዳዩን ያመጣው ነዋሪ የሚያደርገው መጀመሪያ «ከየትኛው ወር መጨረሻ በፊት» ብሎ በአዲስ ጥያቄ ማስጠበብ ነው፤ ከዚያ የተሰጠውን ወር ካላንደር ላይ ማስፈር። ወሩ ባለቀ በማግሥቱ የሚገባው ጥያቄ አጭር ነው፦ «የስኮትላንድን መንግሥት ለመጠየቅ፦ ለጥያቄ ቁጥር [ቁጥሩ] የተሰጠውን መልስ ተከትሎ፣ የተባለው መረጃ በምን ቀን እንደወጣ።»